አሥራ ሁለት ደቂቃ የቀደመው ካሜራ

ይሄን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። የራሴ አጎት እንኳ በዓይኑ አይቶ፣ በጆሮው ሰምቶ፣ እስካሁን "ተወው፣ አታንሳብኝ" ነው የሚለኝ።

ግን ሆኗል።

የሆነውም በጠራራ ፀሐይ ነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጨለማ የለም፣ ነጎድጓድ የለም፣ ውሻ አላላዘነም። ዘጠኝ ፎቅ ባለው የቢሮ ሕንፃ፣ ከመግቢያው አጠገብ ባለችው ጠባብ የጥበቃ ክፍል ውስጥ፣ እኔና አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ተፋጠን ተቀምጠናል።

እኔ የሕንፃው የኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ ሰው ፓስወርዱን ሲረሳ የምጠራው እኔ ነኝ። የሊፍቱ መካኒክ ደግሞ አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ እዚህ ሥራም ያስገባኝ እሱ ነው። ጋሼ ነው የምለው።

ከሁለታችን በላይ ሥራ አስኪያጇ አሉ። መልእክታቸው ሁሉ "አስቸኳይ" ብሎ ስለሚጀምር ሠራተኛው በሹክሹክታ "እትዬ አስቸኳይ" ይላቸዋል። የዚያን ቀን ጠዋት ደወሉልኝ።

"አስቸኳይ ነው! አሥር ሰዓት ላይ የደህንነት ተቆጣጣሪ ይመጣል። የሊፍቱ የውስጥ ካሜራ ስክሪኑ ላይ መታየት አለበት። አጎትህም ሊፍቱን ይጨርስ። እኔ 'ግን' የሚባል ቃል አልሰማም!"

"ግን እትዬ..."

ዘጉት።

ካሜራው የሚታየው በብራውዘር ነው። ገጹን ስከፍት ግን ምስሉ በሚመጣበት ቦታ ላይ አንድ ግራጫ ሳጥን ብቻ ተደቅኗል። "ይህን ቪዲዮ ለማየት ፕለጊንዎን ያሻሽሉ" ይላል፤ ፕለጊን ማለት ብራውዘሩ ቪዲዮ እንዲያሳይ የሚጫንለት ትንሽ ፕሮግራም ነው።

ቀላል ነገር መሰለኝ።

አዲሱን ፕለጊን አወረድኩ። "ይህ ፕለጊን አዲስ ብራውዘር ይፈልጋል" አለኝ። አዲሱን ብራውዘር አወረድኩ። "ይህ ብራውዘር በዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ አይሠራም" አለኝ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ላሻሽል ብል ደግሞ የሊፍቱ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ይሞታል፤ እሱ የሚሠራው በዚያ ባረጀው ላይ ብቻ ነው።

ዞሮ ዞሮ ከቤት እንዲሉ፣ ተመልሼ እዚያው ግራጫ ሳጥን ፊት።

ቆሽቴ አረረ።

በመሃል ያለውን፣ ያልሸመገለም ጨቅላም ያልሆነ ፕለጊን መፈለግ ጀመርኩ። አንዱ ዘጠና ሰባት ከመቶ ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል። ሌላው "በተሳካ ሁኔታ ተጭኗል" ብሎ ያበስረኝና ሳጥኑ እዚያው አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራለሁ፤ እስኪነሳ ድረስ ሰው ወጥ ሠርቶ ይበላል። ስድስት ጊዜ አጠፋሁ፣ ስድስት ጊዜ አበራሁ።

የእጅ ሬዲዮው ተንሾካሾከ።

"አንተ ልጅ... አልጨረስክም?" ጋሼ ነው።

"አላስጨረሰኝም።"

"እኔ እዚህ ሽቦ ላይ ተንጠልጥያለሁ፣ አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ታማርራለህ!"

"ልቀይርህ? ና አንተ ይሄን ጫን።"

ሳቀ። ጋሼ ሲስቅ መጀመሪያ ያስላል።

እሱ ከሦስተኛና ከአራተኛ ፎቅ መሃል ከቆመው ሊፍት ጣሪያ ላይ ሆኖ ነበር የሚሠራው። የአራተኛውን ፎቅ በር በብረት ከፍቶ፣ በዚያ በኩል ጣሪያው ላይ ወርዷል። የሊፍቱን መብራት ከዋናው ማብሪያ ጀምሮ ራሱ አጥፍቶታል።

ይሄን ያዙልኝ... መብራቱን ራሱ ነው ያጠፋው።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ከአንድ ዝርዝር መሃል ያልሞከርኩት ቨርዥን አገኘሁ። ቁጥሩ አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት። እንዳይጠፋኝ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት።

ጫንኩት። አላንገራገረም፣ አልጠየቀኝም። ዝም ብሎ ገባ።

ግራጫው ሳጥን ጠፋ።

ምስሉ መጣ!

የሊፍቱ ውስጥ፣ ከላይ ከጥግ የታየ። የብረት ግድግዳው፣ መስታወቱ፣ የፎቅ ቁልፎቹ። ወለል ብሎ ይታያል። ለደስታዬ ወሰን አጣሁ። ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት።

ከዚያ ቀስ ብሎ ገባኝ።

ሊፍቱ ውስጥ መብራት አለ።

"ጋሼ..."

"ምን?"

"መብራቱን መለስከው እንዴ?"

"የምን መብራት? በባትሪ ነው የምሠራው። ባበራው ኖሮ እስካሁን ከስዬ ነበር!"

"ካሜራው ላይ... ውስጡ በርቷል።"

"እንግዲያው ካሜራህ አብዷል።"

ምስሉ ጥግ ላይ ሰዓት አለ። ቀኑ የዛሬ ነው። ሰዓቱ ግን ስምንት ከሠላሳ ሁለት ይላል። የግድግዳው ሰዓት ስምንት ከሃያ። ስልኬም ስምንት ከሃያ።

አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀድማል።

ምንም አልመሰለኝም። እንዲያውም ተናደድኩ። አሁን ደግሞ ተቆጣጣሪው መጥቶ "ሰዓቱ ለምን ተዛባ?" ሊል ነው! የኮምፒውተሩን ሰዓት አየሁ፤ ትክክል ነው። አሥር ደቂቃ ወደኋላ መለስኩት። የምስሉ ሰዓት አልነቃነቅ አለ። ወደ ቦታው መለስኩት። አሁንም አሥራ ሁለት ደቂቃ።

በዚህ መሃል ሊፍቱ ጣሪያ ላይ ያለችው ክዳን ስትከፈት በስክሪኑ አየሁ።

ሁለት እግሮች ወረዱ። ጋሼ ነው። ከላይ መፍቻ ወደቀና እጁን መታው፤ አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ እየጠባ በእግሩ ወለሉን ደበደበ። ድምፅ የለውም። ሳቄ መጣ።

"ጋሼ፣ ጣትህ ተረፈ?"

"የምን ጣት?"

"መፍቻው የመታህ።"

"የምን መፍቻ? አንተ ልጅ፣ ምሳ አልበላህም እንዴ?"

"ሊፍቱ ውስጥ ወርደህ የለም?"

"የት እወርዳለሁ! ጣሪያው ላይ ቁጭ ብያለሁ እኮ።"

እንግዲህ የድሮ ቅጂ ነው አልኩ። አንድ ቀን ተቀድቶ የተቀመጠ ነው፤ ፕለጊኑ ቀን አዛብቶ ያሳየኛል። ግን... ጋሼ የለበሰው ሰማያዊ ቱታ አዲስ ነበር። እናቴ ናት የገዛችለት። ገና ዛሬ ጠዋት ከነእጥፋቱ ለብሶት ሲመጣ "ሙሽራ መሰልክ" ብዬው ነበር።

ይሄን እያሰብኩ ምስሉ ደረቀ። ግራጫው ሳጥን ተመለሰ። "ፕለጊንዎን ያሻሽሉ።"

"ያሻሽልህ!" ብዬ ጮህኩበት።

አጠፋሁት። አበራሁት። እስኪነሳ ጥፍሬን በላሁ። ፕለጊኑን እንደገና ጫንኩት። በዚህ መሃል እትዬ አስቸኳይ ሦስት ጊዜ ደወሉ፤ አላነሳሁም።

ምስሉ ሲመለስ የግድግዳው ሰዓት ስምንት ከሠላሳ ሦስት ሆኗል። የምስሉ፣ ስምንት ከአርባ አምስት።

ጋሼ አሁንም ውስጥ ነው። ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ፣ ወደ አንዱ ጥግ ዞሮ ቆሟል።

ያወራል።

እጁን ያወራጫል፤ ወደ ላይ ወደ ክዳኗ ይጠቁማል። ሰውን "ነይ፣ ላውጣሽ" እንደሚል ሰው እጁን ይዘረጋል።

ጥጉ ባዶ ነው።

ዓይኔን አሻሸሁ። ስክሪኑን በእጅጌዬ ጠረግኩት። ባዶ ነው። ጋሼ ግን ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ መልስ ይሰማል። ከዚያ መልሶ ያወራል።

ያን ጊዜ ሬዲዮው ጮኸ።

ቋ! ብረት ሲወድቅ። ቀጥሎ የጋሼ ድምፅ...

"ኧረ ጣቴን! ወይኔ ጣቴን! ይሄ የተረገመ መፍቻ!"

ሰዓቱን አየሁ። ስምንት ከሠላሳ አራት።

ፀሐይ ክንዴ ላይ እያረፈች ቆጠርኩት፤ ያ መፍቻ ሲወድቅ በስክሪኑ ያየሁት ልክ ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በፊት ነው።

የድሮ ቅጂ አይደለም። ገና ያልሆነ ነው። የማየው ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ የሚሆነውን ነው።

ዓይኔን ከስክሪኑ መንቀል አቃተኝ። ስምንት ከአርባ ስድስት... አርባ ሰባት... ጋሼ ያወራል። አርባ ስምንት... ጋሼ ተስፋ ቆርጦ ጥጉ አጠገብ ቁጭ አለ። ስምንት ከአርባ ዘጠኝ ሲል መብራቱ አንዴ ብልጭ አለ።

ምስሉ ዘለለ። ጋሼ ከወለሉ ተነስቶ አየር ላይ ሲንሳፈፍ አየሁ... እንደ ጨርቅ። ከዚያ አቧራ ብቻ። ከዚያ ጥቁር።

ከጥቁሩ መሃል ግራጫው ሳጥን ብቅ አለ።

የግድግዳው ሰዓት፣ ስምንት ከሠላሳ ሰባት።

"ጋሼ! ውጣ! አሁኑኑ ውጣ!"

"ምን ሆነሃል?... ቆይ፣ እዚህ ውስጥ አንዲት..."

"ሊፍቱ ሊወድቅ ነው!"

"ማን ነገረህ?"

"ካሜራው... ኮምፒውተሩ..."

በረጅሙ ተነፈሰ።

"ስማ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሊፍት ስሠራ ኮምፒውተር አላማከርኩም። ሽቦውን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። እኒያ ሴትዮም ሬዲዮ ላይ መጥተው ጨርስ ጨርስ ይሉኛል። አትጨቅጭቀኝ።"

ሬዲዮውን አጠፋው።

ሮጥኩ። በደረጃ፣ አራት ፎቅ። በየመታጠፊያው አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ... ምን ብለው ይወጣል? ጋሼ ልቡ ከደነደነ በሬ አይጎትተውም። "ትሞታለህ" ብለው "ሁሉም ይሞታል" ነው የሚለኝ።

አራተኛ ፎቅ ደረስኩ። የሊፍቱ በር በብረት ተደግፎ ተከፍቷል። ወደታች አንድ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሊፍቱ ጣሪያ፣ ጣሪያው ላይ የተከፈተችው ክዳን። ከክዳኗ ውስጥ የባትሪ ብርሃን ይወጣል። ሌላው ሁሉ ጨለማ ነው።

ውስጡ መብራት አልነበረም። ይሄን በዓይኔ አረጋገጥኩ።

የጋሼ ድምፅ ይሰማል። ቀስ ብሎ፣ በለሆሳስ...

"...አይዞሽ፣ እኔ ከታች እደግፍሻለሁ..."

ደረቴ ላይ ተኝቼ ወደታች ጮህኩ።

"ጋሼ! እማዬ ወደቀች!"

የባትሪው ብርሃን ወደ ላይ ዞረ።

"ምን?"

"እማዬ! ራሷን ስታ ወድቃ ሆስፒታል ወስደዋታል! ድረስ!"

ውሸት ነው። በሕይወቴ እናቴን በክፉ አንስቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አነሳኋት። ምላሴ ላይ እሬት እሬት አለኝ።

የመሣሪያ ሳጥኑ ሲጎተት ሰማሁ። ጋሼ እሱ ላይ ቆሞ በክዳኗ ወጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እጁን ይዤ ጎተትኩት። የበሩን ደፍ ተሻግሮ ኮሪደሩ ላይ ቆመ።

ስምንት ከአርባ አምስት።

"የት ነው ያለችው? የቱ ሆስፒታል?" እያለ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ልከለክለው አልቻልኩም።

እናቴ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች። ድምፅዋ እኔ ድረስ ይሰማል።

"አቤት ወንድም ጋሼ... ደህና ነኝ፤ ልብስ እየተኮስኩ ነው። ምነው? ምን ሆናችሁ?"

ጋሼ ስልኩን ቀስ ብሎ ከጆሮው አወረደ። እንደዚያ ሲያየኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላም አይቶኝ አያውቅም።

"በእናትህ ትዋሻለህ?"

"ጋሼ፣ አራት ደቂቃ ብቻ ስጠኝ። አራት ደቂቃ። ከዚያ እንደፈለግክ አድርገኝ።"

"እዚያ ውስጥ ሰው ጥዬ ወጥቼ! ልቀቀኝ!"

ወደ በሩ ዞረ። ክንዱን ያዝኩት።

"የምን ሰው?"

"ሴት ናት። ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቶባት ይመስለኛል። ጨለማ ውስጥ ቆማ አገኘኋት። ልቀቀኝ ላውጣት!"

"ማንም የለም ጋሼ! አይቻለሁ! ባዶ ነው!"

"አብረኸኝ አልነበርክ፣ ምኑን አየህ?"

ሊገፈትረኝ ሞከረ። እኔም በሁለት እጄ ወገቡን አቅፌ ግድግዳው ላይ ደገፍኩት። ያሳደገኝን ሰው። እሱ እየታገለ፣ እኔ እያለቀስኩ...

ያን ጊዜ ሰማሁት።

ከታች፣ ከክዳኗ ውስጥ። የሴት ተረከዝ ጫማ።

ቋ... ቋ።

ሁለት እርምጃ። ከዚያ ዝም።

ጋሼም ሰማ። "ይኸው!" አለኝ በሹክሹክታ። "ይኸው፣ አልሰማህም?"

ሰምቻለሁ። እግዜር ይይልኝ፣ ሰምቻለሁ። ብለቀው ወርዶ ይሞታል። ባልለቀው ደግሞ... እሷ ማንም ትሁን ማን...

አልለቀቅኩትም።

ሊፍቱ ወደቀ።

እንደ ፊልም ጩኸት የለውም። መጀመሪያ አንድ አጭር "ጥቅ" የሚል ድምፅ፣ እንደ ክር ሲበጠስ። ከዚያ ነፋስ። ነፋሱ ከጉድጓዱ ወጥቶ ፊታችንን መታን፤ የግድግዳው ማስታወቂያ ሁሉ ተነቅሎ በረረ። ከዚያ ከታች ሕንፃው በሙሉ ተናወጠ።

ስልኬ ላይ ስምንት ከአርባ ዘጠኝ ይላል።

ጋሼ መታገሉን ተወ። ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አውራ ጣቱ ይደማል።

"ሰው ገደልን" አለ።

የነፍስ አድን ሠራተኞች መጡ። የሊፍቱን በር በብረት ፈልቅቀው እስኪከፍቱ ድረስ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ያን አንድ ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ጋሼ ከዘበኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልይ፣ ይቁጠር፣ አላውቅም።

በሩ ተከፈተ። የተጨማደደ ብረት፣ የተሰባበረ መስታወት፣ የጋሼ የመሣሪያ ሳጥን። በባትሪ ጥግ ጥጉን ፈተሹ። ከሥሩ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ ፈተሹ።

ማንም የለም። የደም ጠብታ እንኳ የለም።

እኔ እፎይ አልኩ። ጋሼ ግን አልተነፈሰም።

"ጋሼ... ምን ነበር ያለችህ?" አልኩት በጆሮው።

የደማ ጣቱን በጨርቅ ጠቀለለ።

"'ነይ እንውጣ፣ ላውጣሽ' አልኳት። ሦስት አራት ጊዜ ለመንኳት። አንተ ስትጣራ ደግሞ ራሷ ናት 'ሂድ' ያለችኝ።"

"ምን ብላ?"

"'አንተ ሂድ፤ የኔ ፎቅ ገና ነው።'"

እትዬ አስቸኳይ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ደረሱ። አቧራውን አዩ፣ ሠራተኞቹን አዩ፣ የጋሼን ጣት አዩ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ካሜራውስ? ሠራ?"

ያን ቀን ከሥራ ያልወጣሁት ጋሼን ትቼ መሄድ ስላልቻልኩ ብቻ ነው።

ሲረጋጋ ስክሪኑን ለማሳየት ሞከርኩ። ግራጫው ሳጥን። ፕለጊኑን እንደገና ልጫን ብዬ ያንን ዝርዝር ከፈትኩ። መዳፌ ላይ አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት ተጽፏል። ዝርዝሩ ላይ ግን ከአሥራ አንድ ነጥብ አንድ ቀጥሎ ያለው አሥራ አንድ ነጥብ ሦስት ነው። ያወረድኩበትን ማህደር ፈተሽኩ። የለም። ፕለጊኑን ለሚሠሩት ሰዎች ጻፍኩላቸው። "እንዲህ ያለ ቨርዥን አውጥተን አናውቅም። እባክዎ ፕለጊንዎን ያሻሽሉ" ብለው መለሱልኝ።

ተቃጠልኩ። ለፖሊስ ነገርኩ፤ "ምስሉን አሳየን" አሉ። ለተቆጣጣሪው ነገርኩ፤ "ደንግጠሃል፣ እረፍት ውሰድ" አለኝ። ለእናቴ ነገርኳት፤ የሰማችው "ወደቀች" ብዬ መዋሸቴን ብቻ ነው። አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ።

ጋሼ ሥራ ለቀቀ። ይቅርታ አድርጎልኛል መሰለኝ፤ አንድ ቀን ምንም ሳይናገር ራሴን ዳብሶኝ አለፈ። ሊፍት ግን አይገባም። ሐኪሙን ለማየት ሰባተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ይወጣል።

ሕንፃው አዲስ ሊፍት አስገባ። አዲስ ካሜራ፣ አዲስ ኮምፒውተር፣ ምንም ፕለጊን የማይጠይቅ። ሰዓቱም በሰከንድ አይዛባም። እኔም ነገሩን መርሳት ጀምሬ ነበር...

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጥበቃ ክፍሏ ውስጥ ኬብል ስቀይር ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አረፈ።

ሊፍቱ ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ለስብሰባ ወደ ዘጠነኛ የሚወጡ ናቸው፤ በርቶ የሚታየው ቁልፍ እሱ ብቻ ነው። አይተዋወቁም። ግማሹ ስልኩን ያያል፣ ግማሹ ጣሪያውን።

ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሊፍቱ ቆመ። ስድስተኛ ፎቅ ተከራይ ከለቀቀው ቆይቷል፤ በሩ ሁሉ ተቆልፏል።

ሰባቱም፣ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ፣ በአንድ ጊዜ ግራና ቀኝ ሸሹ። መሃል ላይ ለአንድ ሰው የሚበቃ መንገድ ተከፈተ። ፋይል የታቀፉት ሽማግሌ ትንሽ ጎንበስ አሉ።

በሩ ተከፈተ።

ማንም አልወረደም።

በሩ አጠገብ የቆመችው ወጣት ግን ከስልኳ ቀና ብላ፣ በባዶው ኮሪደር አቅጣጫ ፈገግ አለችና... እጇን ለስንብት አነሳች።